የ«ጠንካራ» ተመሳሳይ ቃላት

ሰውዬውን ሰፈሩ ሁሉ «ሲኖኒም» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ሊያሽሟጥጡበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለውና ውሎ አድሮ በሩ ላይ በትልቁ አስጻፈው። ከጫማ መሸጫው በላይ ባለች፣ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ በሚገባባት ክፍል እንግሊዝኛ ያስተምራል። እንግሊዝኛ ሲባል ታዲያ ማንም የሚያውቀው እንግሊዝኛ አይደለም። ሰላምታ መስጠት፣ ዋጋ መጠየቅ፣ መንገድ ማመላከት፣ እንዲህ ያለውን ተራ ነገር ሌላ ቦታ ሂዱና ተማሩ ይላል። እሱ ዘንድ የሚገኘው ከፍ ያለው ቃል ብቻ ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በገዛ እጁ በጻፋቸው ሰንጠረዦች ተሸፍኗል። በግራ በኩል ተራው ቃል ይቀመጣል። ከሱ ቀጥሎ ተመሳሳዮቹ፣ እሱ «ሲኖኒም» የሚላቸው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሰደራሉ። በቀኝ ጫፍ ላይ ተቃራኒው በቀይ ቀለም ተጽፎ ብቻውን ይቆማል። ተማሪ የተባለ ሁሉ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ሳይተነፍስ መውረድ አለበት፤ ተመሳሳዮቹን ዘርዝሮ፣ ተቃራኒውን «አይደለም» ብሎ ካልዘጋ ጨረሰ አይባልም። ስለ አንድ ቆንጆ ቤት የሚያወራ ተማሪ፣ ቤቱ ውብ፣ ማራኪ፣ ዕጹብና ድንቅ መሆኑን ከተናገረ በኋላ አስቀያሚ አለመሆኑንም አክሎ ነው የሚቀመጠው። «ጉድ»፣ «ባድ»፣ «ቢግ» እና «ቬሪ» ደግሞ ከነጭራሹ የተከለከሉ ናቸው። ከአፉ ያመለጠው ሰው ከባድ ከባድ ቃል አምጥቶ እስኪክስ ድረስ እግሩ እስኪዝል ይቆማል።

«እነዚህ የቃል ለማኞች ናቸው» ይላል ሲኖኒም አፍንጫውን ነፍቶ፣ «እኔ በር ላይ አይቆሙም።»

ቃሉ የት እንደሚገባ፣ ማን ለማን እንደሚለው የሚጠይቅ ተማሪ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። እንዲህ ያለውን ተማሪ ሲኖኒም ሰነፍ ብሎ ያሸማቅቀዋል። ለሱ ቃል እንደ ድንጋይ ነው፤ ከከበደ ይበቃል። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ እሱ ራሱ ከዚያች ክፍል ወጥቶ ከአንድ የውጭ ሰው ጋር በእንግሊዝኛ ቁም ነገር አውርቶ አያውቅም። የሚመጥነው አላገኘማ!

ንቀት ላይ ማንም አይደርስበትም። የባንኩን ገንዘብ ከፋይ ይንቃል፤ ዜና አንባቢውን ይንቃል፤ ሆቴል በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ቆሞ አንብቦ ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል። እህቱ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። ለአንዲት የውጭ አገር ደንበኛ መስታወት አቀብላ «ናይስ» ስትል ሰምቷት ስንት ቀን አኮረፋት። ልጅቱም ለምዳዋለች። «ወንድም ጋሼ ቃል በልቶ የሚያድር ሰው ነው» ትላለች ለጓደኞቿ፤ «ሳህኑን ግን እኔ ነኝ የማጥበው።»

አባትየው የቤት ዕቃ ተሸካሚ ነበሩ። ሰው ቤት ሲቀይር ቁም ሣጥኑን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የብረት አልጋውን በጀርባቸው አዝለው ደረጃ የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ሲኖኒም ፊደል የቆጠረው፣ ከዚያም አልፎ ኮሌጅ የገባው በዚያ ጀርባ ነው። የአባቱን ሥራ የጠየቀው ሰው ሲኖር «በማጓጓዣ ዘርፍ ነው የነበረው» ብሎ ወሬ ይለውጣል። አባትየው ግን ልጃቸውን የሚያዩት በስስት ነው። ግድግዳውን የሞላውን ጽሑፍ አንድ ቀን መጥተው አዩና፣ አንዱንም ሳያነቡ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ቀሩ።

አሁን ዳሌያቸው አልቋል። አጥንት ካጥንት ይፋጫል። ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ በየማለዳው ልጅቱ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ተንበርክካ ካልሲያቸውን ታጠልቅላቸዋለች። ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት የሚሄዱት ግድግዳውን እየዳሰሱ ነው። ተኝተውም እንቅልፍ የለም፤ በቀኝ ሲዞሩ ይጮኻሉ፣ በግራ ሲዞሩ ይጮኻሉ። ሲኖኒም በዚያው ቤት፣ ከግድግዳው ወዲያ ነው የሚተኛው። ጩኸቱ ሐሳቡን ስለሚበትንበት ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፋል። ሰው ሲባል እንዲህም አለ።

አንድ ሰሞን ከውጭ አገር የአጥንት ሐኪሞች ወደ ትልቁ ሆስፒታል መጡ። ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ይዘዋል፤ ቀዶ ሕክምናውም በነፃ ነው። የያዙት ግን ጥቂት ነበር፤ ፈላጊው ደግሞ ኮሪደሩን ሞልቶ ደረጃው ላይ ፈስሷል። ልጅቱ አባቷን ደግፋ፣ ሲኖኒምም አብሯቸው መጥተዋል። ሁሉን የምታስተባብረዋ ሲስተር ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ድረስ ሥርዓቱን አስረዳች።

«ስሙኝማ! ራጁ ላይ ሁላችሁም አንድ ናችሁ። የሁላችሁም ዳሌ አልቋል። ስለዚህ ዶክተሩ የሚለያችሁ በኑሯችሁ ነው። እንዴት እንደምትተኙ፣ ካልሲ ማን እንደሚያጠልቅላችሁ፣ ደረጃ እንዴት እንደምትወጡ ነው የሚጠይቃችሁ። ያለውን ብቻ ተናገሩ። እዚህ ጀግና አንፈልግም። የባሰበት ሰው እጁ ላይ አረንጓዴ ማሰሪያ ይታሰርለታል። ሌላው ቢጫ ካርድ ይሰጠዋል። ቢጫ ማለት ሌላ ጊዜ ማለት ነው፤ ያ ሌላ ጊዜ መቼ እንደሆነ እኔንም አትጠይቁኝ። ቋንቋ አያሳስባችሁ፣ አብሬያችሁ ገብቼ አስተረጉማለሁ።»

«እኛ አስተርጓሚ አያስፈልገንም» አለ ሲኖኒም፣ ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር እንዲሰማው አድርጎ።

ሲስተር ዞር ብላ አየችው። የተጫማውን ጫማ፣ ያሰረውን ከረባት፣ በብብቱ የሸጎጠውን ወፍራም መዝገበ ቃላት ተመለከተች።

«እንግሊዝኛ ይችላሉ?»

«መቻል የሚለው ቃል አይገልጸውም።»

«እንግዲያው እሰየው፤ ሥራ ቀለለልኝ» አለችና ወደ ሌላ ሰው ዞረች።

እህቱ እጁን ይዛ ወደ መስኮቱ ጎተተችው። «ወንድም ጋሼ፣ ምን ነካህ? ከጧት ጀምራ እሷ አይደለች እንዴ የምታስገባው? ያስገባቻቸው ሁሉ በአረንጓዴ እየወጡ ነው።»

«ሰምተሻታል ከሐኪሞቹ ጋር እንዴት እንደምታወራ?» አለ ሲኖኒም ፊቱን አጨፍግጎ። «‹ካም›፣ ‹ሲት›፣ ‹ሌግ›። ከብት ነው የምትነዳው?»

«ሰዎቹ ኑ ሲባሉ ይመጣሉ፣ ተቀመጡ ሲባሉ ይቀመጣሉ። ሌላ ምን ፈለግህ?»

«ክብር! የአባቴ ነገር በዚህ ዓይነት ቋንቋ አይነገርም።»

አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ ምንም የተቀመጡት አባት ይህን ሰምተው ፊታቸው በራ። «ተይው ልጄ» አሏት ሴት ልጃቸውን። «እሱ ይናገርልኝ። ታዲያ ለምን አስተማርኩት?»

ልጅቱ የወንድሟን እጅ ለቀቀች። አባቷ እንዲህ ባሉበት ነገር ላይ ክርክር እንደማይገባ ታውቃለች።

እዚያው ኮሪደር ላይ «መምህር!» ብላ ብድግ ያለች ነበረች። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ተማሪው ናት፤ እናቷን ይዛ መጥታለች። እናትየው ከሲስተር ጋር ገብተው፣ ሰው ገና አካባቢውን ሳይለምድ፣ አረንጓዴ ማሰሪያቸውን አስረው ወጥተው ነበር።

«አንቺ እያለሽ ለምን ሲስተር አስተረጎመች?» አላት ሲኖኒም።

ተማሪዋ አቀረቀረች። «እኔማ ልናገር ፈልጌ ነበር መምህር። እናቴ በጣም ያማታል ልል ስል ‹ቬሪ› ተከልክሏል። ‹ባድ› ልል ስል እሱም ተከልክሏል። ከባዱ ቃል ደግሞ አልመጣልህ አለኝ። አፌን ከፍቼ ስቀር ሲስተር ተቀበለችኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ክው ይላል። ሲኖኒም ግን ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ጎበዝ! ተራ ቃል ከምትናገሪ ዝም ማለትሽ ይሻላል። ዛሬ በር ላይ ሆነሽ አዳምጪ፤ ትማሪበታለሽ።»

ተራቸው ደረሰና ሦስቱም ገቡ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ የምርመራ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ራጁ የሚታይበት መብራት። ሐኪሙ እጅጌውን የጠቀለለ፣ ዓይኑ በድካም የቀላ መላጣ ሰውዬ ነው። እንግሊዝኛው የሱም የተውሶ ነበር፤ ከሌላ ቋንቋ እየመነዘረ ነው የሚናገረው። ሲኖኒም ይህን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አውቆ ወዲያው ናቀው።

ሐኪሙ ወደ አዛውንቱ እግር ጠቆመና ጠየቀ። «ሶክስ? ሂ ካን?»

ሲኖኒም ደሙ ፈላ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ካልሲ ነው የሚጠይቀኝ? ለ«ካልሲ» ሰንጠረዥ አልሠራለትም፤ ተመሳሳይም የለው፣ ተቃራኒም የለው። ደግሞስ ካልሲውን ሴት ልጁ ናት የምታለብሰው ብሎ በዚህ ሰውዬ ፊት አባቱን ሊያዋርድ ነው? ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባቴ፣ ዶክተር» አለ በእንግሊዝኛ፣ «ራሱን የቻለ፣ ከማንም ያልተጠጋ፣ በገዛ ኃይሉ የሚቆም፣ ሉዓላዊ ሰው ነው።»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገ። «ሉዓላዊ?»

«ሉዓላዊ! ጥገኛ አይደለም።» ረድፉ በተቃራኒ መዘጋት ነበረበት፣ ዘጋው።

ሐኪሙ አንድ ነገር ጻፈ። «ስሊፕ? የስ? ኖ?»

የስ ወይስ ኖ! እንደ ሕፃን! ሲኖኒም ስለ ሌሊት ዕረፍት፣ ስለ ጸጥታና ስለ ሰመመን የሚያውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ አወረደው። እንቅልፍ ሰባት ስም አለው፤ ሰባቱንም አለ። አባቱ ግን ይተኛሉ ወይስ አይተኙም የሚለው ከመሃል ወድቆ ቀረ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አንጠልጥሎ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ጥያቄውን ዘለለው።

«ስቴርስ?»

ደረጃ! ይህን ጥያቄ ሲኖኒም እንደ ስጦታ ነው የተቀበለው። ከሰንጠረዦቹ ሁሉ የሚወደው ከጫማ መሸጫው በላይ፣ ከመስኮቱ ጎን ያለው የ«ጠንካራ» ረድፍ ነው። ከሁሉም የረዘመው እሱ ነው፤ ጎብኚ ሲመጣም ተማሪዎቹን የሚያስለፈልፋቸው እሱን ነው። ደረቱን ነፋ፤ አንድ እጁን ዘረጋ።

«ደረጃ ለአባቴ ምንድን ነው? አባቴ ጠንካራ ነው። ብርቱ ነው። የማይበገር ነው። የማይንበረከክ፣ የማይረታ፣ የማይዝል፣ መከራ የማይፈታው፣ እንደ ብረት ምሰሶ የማይናወጥ ነው!» ትንፋሽ አጠረው፤ ግን ገና አልጨረሰም፤ በቀይ የተጻፈችው ቀርታዋለች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጣለ አከለ። «ደካማ፣ አይደለም።»

«ኖት ዊክ?» አለ ሐኪሙ። የሚያውቀው ቃል አግኝቶ ደስ ብሎታል።

«ኖት ዊክ!» አለ ሲኖኒም።

እህቱ «ዊክ» የምትለዋን ቃል ታውቃለች። ፀጉር ላይ ይሉታል፤ ደካማ ፀጉር፣ የሚበጣጠስ ፀጉር። ብድግ ብላ የአባቷን ዳሌ እየነካች «ፔይን፣ ዶክተር! ፔይን!» አለች።

«ዝም በይ!» አላት ሲኖኒም በጥርሱ መሃል። «አታዋርጂን።»

ሐኪሙ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። ተነሥቶ አዛውንቱን አጋደመና እግራቸውን ይዞ ወደ ውጭ ዞር አደረገው። እንዲህ ሲነኩ ቤት ውስጥ ጎረቤት እስኪሰማ ነው የሚጮኹት። አሁን ግን ልጃቸው ቆሞ ያንን ሁሉ ትልቅ ነገር እየተናገረላቸው ነው፤ ምን እንደሆነ ባያውቁም ትልቅ መሆኑን ከድምፁ ለይተዋል። ጮኸው ሊያበላሹበት አልፈለጉም። የታችኛውን ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ እያለ፣ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ሐኪሙም እግራቸውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ጻፈ። ከዚያ የሲኖኒምን እጅ ጨበጠው። ከዚያ ቢጫውን ካርድ ሰጠው።

ወጡ። ልጅቱ ካርዱን ከወንድሟ እጅ ነጥቃ አየችው፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። አባትየው አግዳሚው ላይ እንደ ምንም ተቀመጡ።

«ቢጫ ነው?» አሉ።

«ቢጫ ነው አባዬ።»

አንገታቸውን ደፉ። ሲኖኒም ከረባቱን እያስተካከለ «ሰውየው ቋንቋ አይችልም» አለ። «ከተራ ቃል አልፎ አይሄድም። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪም ብለው ይልካሉ!»

አባትየው ካርዱን ትተው ሌላ ነገር ጠየቁ። «ለመሆኑ ምን አልከው? ያን ሁሉ ጊዜ ስትናገር ነበር እኮ።»

«ስላንተ ነው የነገርኩት።»

«ምን ብለህ?»

ሲኖኒም ቃላቱን በገዛ ቋንቋው ሲላቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። «ጠንካራ ነው አልኩት። የማይበገር፣ የማይንበረከክ፣ የማይዝል፣ መከራ የማይፈታው ነው አልኩት።»

አዛውንቱ ቀና አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። «እኔን?» አሉ። «እኔን ነው እንዲህ ያልከኝ?»

«አንተን ነው አባዬ።»

ውሸት ነበር። ሲኖኒም ረድፉን ነው ያለው እንጂ አባቱን አላለም። አጠገቡ የቆመው ቁም ሣጥን ቢሆንም ኖሮ ያንኑ ይለው ነበር። እሱም ይህን ያውቃል፤ ቢያውቅም የአባቱን እንባ እንደ ጭብጨባ ተቀበለው።

ይኼኔ ሲስተር መጣች። ቢጫውን ካርድ አየች፤ የአዛውንቱን እግር፣ ግንባራቸው ላይ ያልደረቀውን ላብ አየች። «ምን ብላችሁ ነው?» አለች ኮስተር ብላ።

እህትየው አንድ በአንድ ነገረቻት። ካልሲውን፣ ግድግዳ ዳሰሳውን፣ ሌሊቱን፣ አንዱንም ሳታስቀር። ሲስተር ጨርሳ ሰማቻትና ዙሪያዋን ገልመጥ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስሙኝ። አንዲት ሴትዮ የደም ግፊታቸው አልወርድ ብሎ ከሰልፉ ወጥተዋል። አንድ ቦታ አለ። ዶክተሩ ምሳ ሳይወጣ መልሼ ላስገባችሁ እችላለሁ። ግን እሱ የጻፈው ‹ጠንካራ፣ ራሱን የቻለ፣ ደካማ ያልሆነ› ብሎ ነው። ቢጫ ሲሰጠው ታሪክ የሚቀይር ቤተሰብ ስለበዛ፣ ሌላ ሰው ገብቶ ቢምል አይሰማም። ያስተረጎመው ሰው ራሱ ገብቶ ‹ያልኩት ልክ አይደለም፣ ተሳስቻለሁ› ካለ ብቻ ነው እንደገና የሚጠይቀው።» ወደ ሲኖኒም ዞረች። «እርስዎ ይግቡና ይቺን ብቻ ይበሉ። ሌላውን ለኔ ይተዉት።»

ኮሪደሩ ጆሮውን አቁሟል። ተማሪዋ እናቷን ደግፋ ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ሲኖኒም ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«የተናገርኩት ሁሉ ልክ ነው» አለ። «አንድም ስሕተት የለበትም። ማስረጃ ከፈለጉ መዝገበ ቃላቱ ይኸው።»

«መዝገበ ቃላት ዳሌ አይቀይርም!» አለች ሲስተር። «እኔ ስለ እንግሊዝኛዎ አልጠየቅሁም። ሰውየው ካልሲ ማጥለቅ ይችላሉ? አዎ ወይስ አይደለም?»

«ወንድም ጋሼ፣ ግባ» አለች እህቱ። የተለመደው ማሾፍ ከፊቷ ጠፍቷል። «እግርህ ላይ ልውደቅልህ። አንዴ ተሳስቻለሁ በል። ማን ይሞታል? ሰፈር ሁሉ ይሳቅብህ፣ ምን ትሆናለህ? አባዬ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚጮኸው። አንተ ጥጥ አለህ፤ እኔ ግን እሰማለሁ።»

ሲኖኒም መዝገበ ቃላቱን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። ሲስተር ተስፋ ቆርጣ አዛውንቱ ፊት ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? የርስዎ እግር ነው። ልጅዎን ይግባ ይበሉት።»

አባትየው ጉልበታቸውን አሹ። «የኔ እመቤት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሚለኝ ‹አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል፣ እንዳትሰብረው› ነው። ጎበዝ ነህ ያለኝ እንኳ የለም። ዕቃው ደህና መድረሱን ነው የሚያዩት። ዛሬ ልጄ በሐኪም ፊት፣ በውጭ ቋንቋ፣ የማይበገር ነው አለኝ። አሁን ተመልሶ ገብቶ ያልኩት ሁሉ ልክ አይደለም ይበል?»

«አባዬ!» አለች ልጅቱ። «ቃል ነው እኮ! ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቃል ነው! ላንተ ብሎ አይደለም!»

«ይሁን» አሉ አባትየው። «ብቻ ብሎኛል። ደግሞ ዛሬ ደህና ነኝ፣ ያን ያህልም አላመመኝ።»

ሲስተር ወደ ሲኖኒም ቀና አለች። እህቱም ቀና አለች፤ ተማሪዋም፣ አረንጓዴ ያሰሩት እናቷም። አባቱ ያልተነካ እግር የላቸውም፤ ያላቸው ተስፋ ይህ በር ነው፤ በሩ የሚከፈተው ደግሞ በአንድ ቃል ነው። ይህ ለሲኖኒም አልጠፋውም። አንድ እግሩም ወደ በሩ ፈቀቅ ያለ መሰለ። ከዚያ ተማሪዋን አየ። ከዚያ አባቱ የከፈቱለትን ቀዳዳ አየ፤ ደህና ነኝ ብለዋልና። ሳያፍር በዚያው ሾለከ።

«የአባቴን ውሳኔ አከብራለሁ» አለ።

ሲስተር ተነሣች። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ማሰሪያውን ከኪሷ አውጥታ «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች። ክራንች የያዘ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ አለፋቸው።

አባትየው ሊነሡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እንደገና ሞከሩ። ሲኖኒም ጎንበስ ብሎ ክንዱን ዘረጋላቸው።

«አንተ ተው ልጄ፣ ኮትህ ይጨማደድብሃል» አሉትና የልጅቱን ትከሻ ያዙ። ሲኖኒምም ክንዱን መለሰ።